«ቤቱን ንገሪኝና ማታ መጥቼ ልውሰደው» ለሚል ገዢ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር ነው። በሥራ ምክንያት ወደ ሀዋሳ ስለምዘዋወር ላፕቶፕ በ45 ሺህ፣ ስልክ በ28 ሺህ፣ ፍሪጅ በ38 ሺህ ብር ቴሌግራምና ጂጂ ላይ ለጥፌያለሁ። አንድ ሰው ሦስቱንም እፈልጋለሁ ብሎ ‹ቤቱን ንገሪኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ መኪና ይዤ መጥቼ እወስዳለሁ፣ ብሩን እዚያው በቴሌብር አስገባልሻለሁ› አለኝ። ዋጋ እንኳን አልተከራከረም። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ሰውየው አጭበርባሪ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ቀን ሥራ የሚውል ሰው ማታ ልምጣ ማለቱ ያለ ነው። ችግሩ ያቀረበው ሐሳብ ለእርስዎ የማይበጁ ነገሮችን አንድ ላይ መጠቅለሉ ነው። ሰዓቱ ማታ ነው፣ ቦታው እናትዎ ያሉበት ቤት ነው፣ ክፍያው ደግሞ ዕቃው ሊጫን ሲል በጥድፊያ የሚፈጸም ነው። አለመከራከሩንም ልብ ይበሉ። እዚህ አገር ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው «መጨረሻውን ንገሪኝ» ሳይል፣ ስለ ባትሪውም ስለ ዕድሜውም ሳይጠይቅ 111 ሺህ ብር አወጣለሁ ካለ ዋጋው ላያስጨንቀው የሚችልበትን ምክንያት ማሰብ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ሽያጩን ለሁለት ይክፈሉት። ላፕቶፑና ስልኩ በእጅ የሚያዙ ናቸው፤ ለእነሱ ብሎ ቤትዎ የሚመጣ ሰው መኖር የለበትም። ፍሪጁን ግን ተሸክመው ስለማይወጡ ገዢው መምጣቱ ግድ ነው። ሁለቱ የሚሸጡበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ሰውየው ሦስቱንም ቢፈልግ እንኳን በተለያየ ቀን ይሁን።

ለላፕቶፑና ለስልኩ ከሁሉ የተሻለው ቦታ ሒሳብ ያለዎት የባንክ ቅርንጫፍ ነው። በሩ ላይ ፈታሽ አለ፣ ውስጡ ካሜራ አለ፣ መቀመጫ አለ፣ ብር የሚቆጥር ማሽንም አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቅጠሩት። ወደ መዝጊያው ከተጠጋ «ባንኩ ሊዘጋ ነው፣ ውጪ እንጨርስ» የሚል ጥድፊያ ይመጣል። እሑድና በዓል ቀን ይተዉት። ገዢው ባንክ ውስጥ መገናኘት አልፈልግም ካለ ሌላ ምክንያት አይጠይቁት፣ ሌላ ገዢ ይፈልጉ።

ባንክ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት መፈተሽ ጥበቃዎቹን ስለማያስደስት ፍተሻው ከባንኩ አጠገብ ባለ ካፌ ይሁን። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ፍተሻው ካለቀ በኋላ ክፍያው እስኪፈጸም ባለው ጊዜ ዕቃው የማን እጅ ላይ ነው? መልሱ ሁልጊዜ የእርስዎ መሆን አለበት። አይቶ ከጨረሰ በኋላ ላፕቶፑን ዘግተው ቦርሳዎ ውስጥ ያስገቡ፣ ቦርሳው ትከሻዎ ላይ ሆኖ ወደ ባንኩ ይግቡ። ስልክ የሚቀየረውም በዚሁ ሰዓት ነው። ሰውየው ተመሳሳይ ሞዴል የሆነ የተበላሸ ስልክ ይዞ ይመጣል፣ ያንቺን ልየው ይላል፣ ዋጋ ቀንሺልኝ ብሎ ይከራከራል፣ ከዚያ «ካልሆነ ይቅር» ብሎ የራሱን መልሶ ይሰጣል። ይህን የሚያከሽፈው አይኤምኢአይ የሚባለው የስልኩ መለያ ቁጥር ነው። ከቤት ሳይወጡ *#06# ደውለው የሚመጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ስልኩ ወደ እጅዎ በተመለሰ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ማየት በቂ ነው።

«መኪና ውስጥ ላለው ወንድሜ ላሳየው»፣ «ቴክኒሻኔ ጋ ደርሼ ልመለስ» የሚሉትን አይቀበሉ። ወንድምየውም ቴክኒሻኑም ወደ ካፌው መምጣት ይችላሉ። መኪናው ውስጥ ገብተው ክፍያ አይጠብቁ፣ ዝናብ ቢሆንም። ሲም ካርዴን ልሞክርበት ማለት ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ማውጫውን መርፌ ይዘው ይሂዱ፣ ተቀምጦ ይሞክር።

አንድ ሰው ይዘው መሄድዎ አይቀርም፤ ሥራውን ግን ቀድመው ይንገሩት። እርስዎ ስልክዎ ላይ ሒሳብ ሲያዩ ዓይንዎ ከዕቃው ላይ ይነሣል። የጓደኛዎ ሥራ ከገዢው ጋር መጫወት ሳይሆን ቦርሳውን መያዝ ነው።

ከመሄድዎ በፊት በነበረው ማታ የሚሠራ የቤት ሥራ አለ። አይፎን ከሆነ ከአይክላውድ ይውጡ፣ ከዚያ ሁሉንም ያጥፉ። አንድሮይድ ከሆነ መጀመሪያ የጉግል አካውንቱን ከሴቲንግ ውስጥ ያንሡና ቀጥሎ ሪሴት ያድርጉ። አካውንቱ ሳይነሣ ከሪከቨሪ በኩል (ስልኩ ሲነሣ ቁልፎቹን ተጭኖ ከሚገባበት ገጽ) የተጠፋ ስልክ ሲከፈት የቀድሞውን አካውንት ስለሚጠይቅ ገዢው በሌሊት ደውሎ ፓስወርድ ይለምንዎታል፤ ወይም የተሰረቀ ሸጡልኝ ይላል። ሲም ካርዱን ያውጡ፤ ቴሌብሩም ባንኩም ያለው በእሱ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ በአዲሱ ስልክዎ «ዲቫይስ» የሚለውን ከፍተው የድሮውን ስልክ ያስወጡ። የላፕቶፕ ሪሴት ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ጠዋት አይጀምሩት።

አሁን ወደ ክፍያው። ብዙ ሰው የሚፈራው መዘረፍን ነው፤ በኢንተርኔት በሚሸጥ ዕቃ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ዕቃው የሚሄደው በሰላም፣ በምስጋና፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ተባብሎ ነው። ገንዘቡ እንዳልገባ የሚታወቀው በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ያስታውሱ ቢባል ይህ ነው፦ ማስረጃው የእሱ ስልክ ላይ ያለው ሳይሆን የእርስዎ ቀሪ ሒሳብ ነው።

የእሱ ስልክ ላይ የሚታየው ስክሪንሾት፣ አረንጓዴ ምልክት ያለበት «ተሳክቷል» የሚል ገጽ፣ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሁሉ በምስል ማስተካከያ ይሠራል። የቴሌብር ትክክለኛ መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ በፊት ከመጡልዎት የ127 መልእክቶች ሥር ተከትሎ ይገባል። ሐሰተኛው ብዙውን ጊዜ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር ይመጣል፤ ጽሑፉ ቃል በቃል የተገለበጠ ስለሆነ ላኪውን ሳያይ ለሚያነብ ሰው ልዩነት የለውም። አንድ የሚያጋልጠው ነገር አለ፤ አጭበርባሪው በፊት ስንት ብር እንደነበረዎት ስለማያውቅ ቀሪ ሒሳብ የሚለው ቦታ ላይ የፈጠራ ቁጥር ያስገባል። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ ቀሪ ሒሳብዎን ይጻፉ። 3,240 ብር ከነበረና 45,000 ገባ ከተባለ 48,240 ማየት አለብዎት፤ ሌላ ቁጥር ካለ አልገባም ማለት ነው።

ያም ሆኖ በአጭር መልእክት አይወስኑ። አፑን ራስዎ ከፍተው ይግቡ፤ ዳታ ከሌለ ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ገዢው የላከልዎትን ሊንክ ተጭነው «ክፍያውን» አያረጋግጡ። ቀሪ ሒሳብዎን ሲያዩም ስልኩን ወደ ራስዎ አዙረው ይዩ፤ ቁጠባዎ ስንት እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ለዚህ ለዚህ ትንሽ ብር ያለበት ቴሌብር ከዋናው የባንክ ሒሳብ የተሻለ ነው።

የንግድ ባንክ ደረሰኝ ካሳየዎት በአንድ ጨረፍታ የሚታይ ነገር አለ። የዝውውር ቁጥሩ «ኤፍቲ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፣ የሚቀጥሉት አምስት አኃዞች ቀን ናቸው። ሁለቱ የፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ፣ ሦስቱ ደግሞ ዓመቱ ከገባ ስንተኛው ቀን እንደሆነ የሚናገሩ። 25123 የሚል ካዩ የ2025 123ኛው ቀን ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 2017። ዛሬ ተላከ የተባለ ብር የባለፈው ወር ቁጥር ይዞ ከመጣ የሰው ደረሰኝ ተስተካክሎ ነው። ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ግን ገንዘቡ ለመግባቱ ዋስትና አይሆንም። የዛሬ የ500 ብር ደረሰኝ ላይ 45,000 መጻፍም ይቻላልና፣ ይህ ለመጣል እንጂ ለማጽደቅ አያገለግልም።

«ከእኔ ተቆርጧል፣ ኔትወርክ ነው፣ አሁን ይገባል» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ የሚሄድ ብር አንዳንዴ ይዘገያል፣ ሲስተምም ይቋረጣል። እንዲያ ከሆነ አብራችሁ ቡና ጠጡ። ካልገባም ዕቃው ከእርስዎ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል፣ ገንዘቡ ሲገባ እንደገና ትገናኛላችሁ። ይህን ለማስቀረት ከቀጠሮው በፊት በየትኛው ባንክ እንደሚከፍልና የቀን የዝውውር ገደቡ ዋጋውን ይችል እንደሆነ ይጠይቁት። «ገደብ ሞላብኝ፣ ቀሪውን ነገ» የሚለው ነገር ቦታው ላይ ሲነሣ አሳፋሪ ነው፤ አንድ ቀን ቀድሞ ሲነሣ ግን ተራ ጉዳይ ነው።

ገንዘብ ለመቀበል ፒን አይገባም። ኪውአር ኮድ ስካን አድርጊና ፒን አስገቢ ከተባሉ እየከፈሉ ያሉት እርስዎ ነዎት። «ማረጋገጫ ኮድ ልኬልሻለሁ፣ ንገሪኝ» ከተባሉም ያ ኮድ የቴሌግራምዎ ወይም የሒሳብዎ መክፈቻ ነው። እንዲሁም «ተሳስቼ 50 ሺህ ልኬያለሁ፣ 5ቱን ሺህ መልሺልኝ» የሚል ካለ፣ ያ 50 ሺህ አብዛኛውን ጊዜ መልእክት ብቻ ነው። እውነት ከገባም ከእጅዎ አይመልሱለት፤ ወደ ባንኩ ወይም ወደ 127 ደውሎ ራሱ ያስመልስ።

በጥሬ ብር ልክፈል ካለ እጅ በእጅ አይቀበሉ። 45 ሺህ ብር በባለ 200 ኖት 225 ወረቀት ነው፤ ካፌ ውስጥ ቆጥሮ ሐሰተኛውን መለየት አይቻልም፣ ይዞ መውጣቱም ሌላ ጣጣ ነው። ገዢው ራሱ መስኮቱ ላይ በእርስዎ ሒሳብ ገቢ ያድርግ። መቁጠሩም ሐሰተኛ ኖት መለየቱም የባንኩ ሥራ ይሆናል፤ ጎደለ ቢባል ጭቅጭቁ በእሱና በገንዘብ ተቀባዩ መካከል ነው። በግሌ ከ20 ሺህ በላይ ለሆነ ማንኛውም ሽያጭ ከዝውውርም ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ብዙም የማይወራ፣ ግን ጣጣው የከፋ አንድ መንገድ አለ። አጭበርባሪው የእርስዎን ፎቶ ወስዶ በራሱ ስም ላፕቶፑን በ30 ሺህ ይለጥፋል። ሌላ ምስኪን «ቀብድ» ወይም ሙሉ ክፍያ እንዲያስገባ የእርስዎን የሒሳብ ቁጥር ይሰጠዋል። ብሩ እውነት ይገባልዎታል፣ ዕቃውን ለአጭበርባሪው ይሰጣሉ፤ የከፈለው ሰው ዕቃ ሳያገኝ ሲቀር ለፖሊስ የሚያመለክተው በሒሳቡ ባለቤት፣ በእርስዎ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ዝውውሩ ላይ ያለው የላኪ ስምና ፊትዎ የቆመው ሰው መታወቂያ አንድ መሆን አለበት። ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ ፍሪጅ መግዛቱ የተለመደ ስለሆነ ስም የማይገጥምበት ጊዜ ይኖራል። ያኔ ከፋዩን በቪዲዮ ያነጋግሩ፣ ማን እንደሚረከብ ስሙን ሙሉ በጽሑፍ ይላክልዎት፣ ተረካቢው ደግሞ መታወቂያ ያሳይ። «ሹፌር ልኬያለሁ፣ ስጪው» ብቻ የሚል መልእክት አይበቃም። ሹፌሩም ቢሆን የተጠራበትን ጉዳይ ላያውቅ ይችላል።

ወደ ፍሪጁ እንምጣ። ገዢው ሳያይና ሳይሞክር አይገዛም፤ ስለዚህ ፍሪጁ ሲመጣ እየሠራ መሆን አለበት። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ሊወጣ ሲል ይደውል፤ መብራት ከሌለ ቀጠሮው ይተላለፍ። እሱ ከመምጣቱ በፊት እየሠራ፣ የውስጡ ብርድ እየታየ በቪዲዮ ቀርጸው ይላኩለት። እንዲህ ሲሆን አይቶ የሚወስን ሰው ቤት ድረስ የሚመጣው ለመግዛት ነው፤ «ዝም ብዬ ልየው» የሚለው ይቀንሳል።

ከተቻለ ፍሪጁን ቀድመው ከበሩ አጠገብ ወዳለው ሶኬት ያምጡት፤ ገዢው ሳሎን አቋርጦ ጓዳ የሚገባበት ምክንያት አይኖርም። የመኝታ ቤቱ በር ይቆለፍ፣ ቁልፉ በሩ ላይ አይተው። አብረውት የሚገቡት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ይበቃሉ፤ የቀሩት ሸካሚዎች ክፍያ እስኪያልቅ ታች ይጠብቁ። እናትዎ ብቻቸውን ሳሉ ማንም አይምጣ፤ ደውሎ «እናትሽ ይስጡኝ፣ ብሩን ለአንቺ ልኬያለሁ» የሚል ሰው የሚቆጥረው በእሳቸው የዋህነት ላይ ነው። አስቀድመው ይንገሯቸው፤ እኔ ካልደወልኩ አይከፈትም።

አድራሻውን በሁለት ደረጃ ይስጡ። ሲቀጠር የግቢውን በር ብቻ፣ በሩ ላይ ሲደርስና ማንነቱን ሲያሳይ ብሎኩንና ፎቁን። ለጥበቃው ቀድመው ይንገሩ። ብዙ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዕቃ ሲወጣ ከማኅበሩ የመውጫ ወረቀት ይጠየቃል፤ ይህ ሳይዘጋጅ መኪና ተጭኖ በር ላይ ሲቆም ጭቅጭቁ ከእርስዎ ጋር ነው። በጎኑ ደግሞ ይጠቅምዎታል፤ ወረቀቱን የያዙት እርስዎ ስለሆኑ ክፍያው ሳይገባ ዕቃው ከግቢ አይወጣም።

የሰፈሩ ጫኝና አውራጆችም አሉ። ከ3ኛ ፎቅ ለማውረድ ስንት እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁና ለገዢው «የማውረጃው በአንተ ነው» ብለው በጽሑፍ ይንገሩት። ይህ ሳይነጋገሩበት ከቀረ መኪናው ሥር ዋጋ ሲጨምር ገዢው ከእርስዎ ዋጋ ላይ ልቀንስ ይላል። ደላላ ካለም እንደዚሁ፤ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» የሚል ሰው በመጨረሻው ሰዓት ብቅ እንዳይል ገዢውን እንዴት እንዳገኘዎት ይጠይቁት።

ረጅም ፍሪጅ ዳማስ ውስጥ ቆሞ አይገባም፤ ፒካፕ ወይም አይሱዙ ይዞ ይምጣ። በጎኑ ተጋድሞ ሲጓዝ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈሳል፣ እንደደረሰ ሲሰካ ኮምፕረሰሩ ያለ በቂ ዘይት ዞሮ ሊበላሽ ይችላል። «ሸጥሽልኝ የሞተ ፍሪጅ» የሚለው ስልክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቆሞ ከሄደ ጥቂት ሰዓት፣ ተጋድሞ ከሄደ 24 ሰዓት ቆይቶ እንዲሰካ ይንገሩት፤ ይህንንም በቴሌግራም ይጻፉለት፣ ጽሑፉ ይቀመጣል።

ለሦስቱም ዕቃ ግማሽ ገጽ ወረቀት በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። ቀን፣ የዕቃው ዓይነትና ሴሪያል ወይም አይኤምኢአይ ቁጥር፣ ዋጋ፣ የክፍያው ቁጥር፣ «ገዢ ፈትሾ ተረክቧል» የሚል መስመር፣ የሚታወቅ ጉድለት ካለ እሱ፣ የሁለታችሁ ስምና ፊርማ፣ የአንድ እማኝ ፊርማ። ይህ ለገዢውም ይጠቅመዋል፤ ያለ ካርቶንና ያለ ወረቀት የተገዛ ስልክ በኋላ የተሰረቀ ነው ቢባል መልስ የለውም። መታወቂያውን አይተው ስሙን ይጻፉ። የፋይዳ ቁጥሩን ፎቶ ማንሣት አያስፈልግም፣ የራስዎንም ፎቶ አያስነሡ።

አንድ ነገር ከተበላሸ ቶሎ መንቀሳቀስ ይበጃል። ንግድ ባንክ 951፣ ቴሌብር 127፣ ፖሊስ 991። የቴሌግራም ንግግሩን ሰውየው ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ስለሚችል ከቀጠሮው በፊት ስክሪንሾት አድርገው ይያዙ፤ ቁጥሩን፣ ዩዘርኔሙንና የመኪናውን ሰሌዳ ጭምር።

ማስታወቂያው ላይም ትንሽ ማስተካከል አለ። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርዎን ይደብቁ፣ በዩዘርኔም ይገናኙ። ፎቶውን እንደ «ፋይል» አድርገው ከላኩ የተነሣበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ እንደ ተራ ፎቶ ይላኩ። ሴሪያል ቁጥሩና በመስኮት የሚታየው ብሎክ ይሸፈን።

ለዚህ ሰው አሁን የሚልኩት መልስ ይህን ይምሰል፦ «ሰላም፣ ስለ ፍላጎትህ አመሰግናለሁ። ላፕቶፑንና ስልኩን ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሰሚት ንግድ ባንክ አጠገብ ካፌ ውስጥ ማየት ትችላለህ፤ ክፍያው ባንክ ውስጥ ነው። ፍሪጁን ቅዳሜ ጠዋት፣ መብራት ካለ። መታወቂያ ይዘህ ና።» እሺ ካለ ገዢ ነው። «አታምኚኝም እንዴ?» ብሎ ከተቆጣ ወይም «ዛሬ ማታ ካልሆነ ሌላ ቦታ እገዛለሁ» ካለ ይሂድ፤ 38 ሺህ ብር የሚያወጣ የሚሠራ ፍሪጅ አዲስ አበባ ውስጥ ሳይሸጥ አይቀርም። የተሸጠ ዕለት ደግሞ ማስታወቂያውን ከሁለቱም ቦታ ያንሡት፤ ተለጥፎ የቀረ ፎቶ ሌላ ሰው ለማታለል ይወሰዳል፣ ስልክዎም ሀዋሳ ድረስ ይጮኻል።